የጎደለኝ ሠላሳ ሁለት ኪሎ

ከሁሉ አስቀድሜ ልኬን ልናገርና ልገላገል። ክብደቴ ሃምሳ ሁለት ኪሎ ነው። ቁመቴ ጫማ ካደረግሁ ከመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ቤት ሁለተኛ መደርደሪያ እኩል ነው። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ወራት ይቀሩኛል። ይህን የምዘረዝረው ባል ፍለጋ አይደለም፤ ያንን ያሰበ አንባቢ ካለ እድራችን ውስጥ ጓደኞች አሉት። የምዘረዝረው ስለ ብስክሌት ልጽፍ ስለሆነ ነው። ብስክሌት ለካ እንደ ጫማ ልክ አለው። እኔ ይህን ሳላውቅ እዚህ ዕድሜ ደርሻለሁ፤ ባላውቀውም የሚጎድልብኝ ነገር አልነበረም።

ብስክሌቱ የባለቤቴ ነው። የደን ባለሙያ ነበር። ሥራው ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር ገደል ለገደል እየዞረ የጽድና የወይራ ዛፍ መቁጠር ነው። ዛፍ ሊያጠና የመጣ አንድ ፈረንጅ ሁለት ዓመት አብሮት ሠርቶ ወደ አገሩ ሲመለስ ብስክሌቱን ትቶለት ሄደ። ከተማችን ውስጥ እንደሚታየው ያለ ብስክሌት አይደለም። ከፊትም ከኋላም ሞላ አለው። ጎማው የሞተር ጎማ ያህል ነው። ድንጋይ ላይ ሲወጣ ሞላው ይታጠፍና የድንጋዩን ምት ይውጠዋል፤ ላዩ የተቀመጠው ሰው ወንዝ የሚሻገር ጀልባ ላይ ያለ ይመስላል። ባለቤቴ ሲነዳው ግመል መሰልክ እለው ነበር። «ግመል ቁልቁለት አይወድም፣ ይሄ ግን ይወዳል» ይለኛል። በዚህ ዓይነት ለዘጠኝ ዓመት ተከራከርን። አምና ሰኔ ላይ ታመመ፤ በሦስተኛው ሳምንት ዐረፈ። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም፤ ብዕሩም ከዚህ በላይ አይሄድልኝም።

ብስክሌቱን ሳሎን አስገባሁት። ከቡፌው አጠገብ አቆምኩት፣ አንሶላ አለበስኩት፣ በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ካቴናውን ዘይት እቀባዋለሁ። ለቅሶ የሚደርሱ ሰዎች እንደ ሰው ዞር ብለው እያዩት ይቀመጣሉ።

የመንፈቁ ለት ዋርሳዬ ግርማ ከጫጫ መጣ። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ እህል ይነግዳል። ደግ ሰው ነው፣ ለመንፈቁም አንድ ኩንታል ገብስ ጭኖ ነው የመጣው። ሰፊም ሰው ነው፤ ሚኒባስ ሲሳፈር ረዳቱ የሁለት ሰው ቦታ ይዞ ይጠብቀዋል። ተቀምጦ፣ ንፍሮ ዘግኖ፣ አንሶላውን ለረጅም ጊዜ አየው።

«እትዬ፣ ይሄ ብስክሌት ቆሞ ሊዝግ ነው» አለ።

«አይዝግም። በየእሑዱ ዘይት እቀባዋለሁ።»

«ታቦት አድርገሽዋል በይኛ። ብስክሌት እኮ ካልተነዳ ብረት ነው። ወይ ንጂው፣ ወይ እኔ ልውሰድና ልንዳው። ወንድሜ የሞተው ይበቃል፤ ብስክሌቱን ደግሞ ገንዘሽ አታሳይኝ።»

አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይባላል። እኔ አፌን ከፈትኩ፤ ጭንቅላት ግን አልታየም።

«ለሙት ዓመቱ አንኮበር ድረስ በሱ ነው የምመጣው» አልኩ።

ንፍሮ የሚያላምጥ አፍ ሁሉ ቆመ። ባለቤቴ የተቀበረው የትውልድ ቦታው አንኮበር ነው። ከደብረ ብርሃን አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ግማሹ አቀበት ነው፣ ከአስፋልቱ ወርዶ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያደርሰው መንገድ ደግሞ በቅሎ እንኳ አስባ የምትረግጠው ድንጋይ ነው።

«ካልመጣሽበትስ?» አለ ግርማ።

«ያኔ ውሰደው።»

«ሰው ሰምቷል።»

«ይስማ።»

ሰዉ ሲበተን እትዬ በላይነሽ ወደ ኋላ ቀረች። ጎረቤቴ ናት፤ ከባለቤቴ ሞት ወዲህ የቤቴን በር ከራሷ በር ይልቅ ትከፍታለች። «ልጄ፣ ብስክሌት መንዳት ትችያለሽ?» አለችኝ።

«እችላለሁ።»

እውነቴን ነው። ደነባ ነው ያደግሁት። ደነባ ሜዳ ነው፤ እግዜር በእጁ መዳፍ የደለደለው ሜዳ። እዚያ ብስክሌት መንዳት ማለት መቀመጥ ማለት ነው። ፍሬን የሌለው ብስክሌት ነበር የተማርኩበት፤ ለመቆም ሲፈለግ መንዳት ይተዋል፣ ብስክሌቱ ራሱ ነገሩ ገብቶት ቀስ ብሎ ይቆማል። ለእትዬ በላይነሽ ያልነገርኳት፣ ይህ ሁሉ የሆነው ከሠላሳ አምስት ዓመት በፊት መሆኑን ነው።

በማግስቱ ብስክሌቱን ግቢ አወጣሁት። ኮርቻው ደረቴ ላይ ደረሰ። እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረግሁት፤ ወገቤ ላይ ደረሰ። የአጥር ድንጋይ ላይ ቆሜ ወጣሁ። ከዚያ መሪውን ለመያዝ እጄን ብዘረጋ መሪው ጫጫ ነው። ለመድረስ ሆዴን ብረቱ ላይ አስተኛሁ፤ ለስግደት የተደፋሁ እንጂ ጉዞ ያሰብኩ አልመስልም ነበር። ሁለት ጊዜ ረገጥኩት። የሐዘን ቀሚሴ ካቴና ውስጥ ገባ። ብስክሌቱ ቆመ፣ እኔ ግን ጉዞዬን ቀጠልኩ፤ የእትዬ በላይነሽ የጎመን መደብ ላይ ነው የቆምኩት።

«ጥቁር ለብሰሽ ብስክሌት?» አለች ከጎመኑ ማዶ ቆማ።

«ታዲያ ነጭ ልልበስ?»

ይህን ጥያቄ ይዛ እድር ሄደች። የእድሩ ሴቶች ለሁለት ሰዓት እንደተወያዩበት በኋላ ሰማሁ። ሐዘንተኛ በቅሎ ትቀመጣለች፣ ባጃጅ ትሳፈራለች፤ ስለ ብስክሌት ግን መተዳደሪያ ደንቡ ላይ የተጻፈ ነገር አልተገኘም። በመጨረሻ ቀሚሱ እንዲያጥርና ከሥር ጥቁር ሱሪ እንዲለበስ ተወሰነ። ሱሪውን የሰፋችው እትዬ በላይነሽ ራሷ ናት። «የተቃወምኩት በእድሩ አባልነቴ ነው፤ ስሰፋ ጎረቤትሽ ነኝ» አለችኝ።

ሱሪ ተገኘ። አሁን የቀረው ብስክሌቱ ነበር። ያን ወር ሁሉ ከሥራ ስወጣ እለማመዳለሁ፤ አስፋልት ላይ ደህና ነኝ። ድንጋይ ንጣፉ ላይ ስገባ ግን ብስክሌቱ ይራገጣል። ያ ባለቤቴን እንደ ጀልባ ያንሳፍፍ የነበረ ሞላ እኔን ሲያገኝ ድርቅ ይላል። እያንዳንዱ ድንጋይ ከጎማው ተነሥቶ፣ በወገቤ አልፎ፣ ጥርሴን አንኳኩቶ ይወጣል። ብስክሌት እንግዳ ሰው ያውቃል እንዴ ብዬ ጠረጠርኩ።

ሰይድ ዘንድ ወሰድኩት። ሰይድ አውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ብስክሌት የሚሠራ የአሊዩ አምባ ሰው ነው፤ እጁ ዘይት፣ አነጋገሩ ንጹሕ። መጀመሪያ የመሪውን አንገት በአጭር ቀየረልኝ፤ መሪው ከጫጫ ተመልሶ ደብረ ብርሃን ገባ። ከዚያ «እስቲ ይቀመጡበት» አለኝ። ተቀመጥኩ። ጎንበስ ብሎ የኋላውን ሞላ አየ።

«ንቅንቅ አላለም» አለ። «ይሄ ሞላ እኮ ብረት አይደለም፣ በአየር ነው የሚሠራው። ሰው ሲቀመጥበት ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ማለት አለበት። ጋሼ ስንት ኪሎ ነበሩ?»

«ሰማንያ አራት።»

«እርስዎስ?»

ነገርኩት።

«ሠላሳ ሁለት ኪሎ ይጎድልዎታል። የተነፋው ለሳቸው ነው። ለርስዎ ይሄ ድንጋይ ነው። ቀላል ነገር ነው፤ እዚህ ጋ ትንሽ ላስተንፍሰውና...»

«እንዳትነካው» አልኩ። ድምፄ እኔንም አስደነገጠኝ።

ሰይድ እጁን መለሰ።

ላስረዳው ሞከርኩ። ከመታመሙ በፊት በነበረው ቅዳሜ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ትንሿን መንፊያ ይዞ ያን ሞላ ሲነፋ አይቼዋለሁ። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይቆጥራል። ሻይ ይዤለት ቆሜ ነበር፤ ቁጥሩ እንዳይጠፋበት ብዬ አልጠራሁትም። ያ አየር አሁንም እዚያ ውስጥ ነው። ልብሱን ለነዳያን ሰጠን። ጫማውን ግርማ ወሰደ። ትራሱ ላይ የነበረው ጠረን እንኳ እስከ መንፈቁ አልቆየም። ኮርቻ ዝቅ ቢል ተመልሶ ከፍ ይላል፣ የመሪ አንገት ቢቀየር አሮጌው መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። አየር ግን አንዴ ከወጣ ማን ይለቅመዋል?

ሰይድ ቀና አለ። «እትዬ፣ አየር እኮ የአላህ ነው» አለ።

«ይሁን። የነፋው ግን እሱ ነው።»

እጁን በጨርቅ ጠረገ። «እንግዲያው አንድ መላ ብቻ ነው ያለው። ሠላሳ ሁለት ኪሎ ይጨምሩ።»

ቀልዱን ነበር። እኔ ግን ሃያ ስድስት ዓመት መዝገብ ቤት የሠራሁ ሴት ነኝ፤ የተነገረኝን እመዘግባለሁ።

በሆዴ ጀመርኩ። እትዬ በላይነሽ ነገሩን ስትሰማ ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም፤ ከቀብሩ ወዲህ ብይ ብትለኝ እምቢ ስላት ነው የከረምኩት። ጠዋት ገንፎ፣ ቀን በሶ በቅቤ፣ ማታ ደግሞ ጠዋት የተረፈው ገንፎ። «ጉረሺ፣ ለብስክሌቱ ነው» ትላለች። በአንድ ወር አንድ ኪሎ ተኩል ጨመርኩ። በዚህ አያያዝ ልኬን የማገኘው ከሁለተኛው ሙት ዓመትም በኋላ ነው ብዬ ሳሰላ ዐቢይ ጾም ገባና የሰጠችኝን ከነምርቃቱ ወሰደው።

ያኔ ነው ዓይኔ የግርማ ገብስ ላይ ያረፈው። ጓዳ ጥግ ቆሞ ነበር። ገብስ አይጾምም፣ አይከሳም። ሠላሳ ሁለት ኪሎ አስመዘንኩ። አሥሩን ኪሎ በባለቤቴ የመስክ ቦርሳ ጀርባዬ ላይ አዘልኩ፤ ሃያ ሁለቱን በማዳበሪያ ከረጢት ቋጥሬ ኮርቻው ሥር በገመድ ጠፈርኩት። ሰይድ «ይሄ ብስክሌት ጭነት አያውቅም፤ ሞላው ሲታጠፍ ጎማው ወደ ላይ ይመጣል» ብሎኝ ነበር። ይህንንም መዝግቤዋለሁ፤ የተሳሳተ ፋይል ውስጥ።

የሚያስደንቀው መሥራቱ ነው። ስቀመጥ ሞላው ሁለት ጣት ዝቅ አለ። ልክ እሱ ሲቀመጥበት እንደነበረው። ለአፍታ ሳልነዳ እንዲሁ ተቀመጥኩ።

በአንኮበር መንገድ ወጣሁ። ከከተማ እንደወጣሁ ብስክሌቱ መንሳፈፍ ጀመረ፤ ጉድጓድ አይመርጥ፣ ድንጋይ አይፈራ። ነፋሱ ፊቴን መታው። ከኋላዬ የእግር ኮቴ ሰማሁ፤ ዞር ስል አንድ በግ ናት። ጥቂት ቆይቼ ዞር ስል ሰባት ናቸው። ሦስተኛ ጊዜ ስዞር መንጋ ነው፤ ሁለት አህዮችም ተጨምረዋል። በጎች እንዲህ ሰው ይወዳሉ እንዴ ብዬ ገረመኝ። ጭራሽ ትንሽ ደስ አለኝ፤ ሐዘን ሰውን ለማንኛውም ወዳጅነት ዝግጁ ያደርጋል።

በቅሎ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ከፊቴ መጡና በቅሏቸውን ገቱ።

«እንደምን ዋልሽ ልጄ» አሉ። «ትሄጃለሽ ወይስ ትዘሪያለሽ?»

ወርጄ አየሁ። ጎማው ከረጢቱን ግጦ በስቶታል። ከከተማው ጫፍ እስከ እግሬ ድረስ በመንገዱ ላይ ቀጭን የገብስ መስመር ተዘርግቷል፤ በመስመሩ ላይ መንጋው አንገቱን ደፍቶ ይከተላል።

«ለማን ነው?» አሉ ሽማግሌው።

«ለባለቤቴ ሙት ዓመት ነበር።»

በጎቹን አየት አደረጉ። «እንግዲህ እነዚህም ነፍስ ይማር ይበሉ» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ሰይድ ሲሰማ አልሳቀም፤ ፊቱን ግን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከተቆረጠ ጀሪካን መከላከያ ሠርቶ ከከረጢቱ ሥር አሰረልኝ። እስከ ግንቦት መጨረሻ አስፋልቱን ግማሽ ድረስ ሄጄ መመለስ ቻልኩ። የድንጋዩን መንገድ ግን አልሞከርኩትም። መቃብሩ ያለው እዚያ ስለሆነ ያለ ምክንያት ልሄድበት አልደፈርኩም።

የሙት ዓመቱ ለት ጎሕ ሲቀድ ወጣሁ። ብርዱ የደብረ ብርሃን ብርድ ነው፤ ጓንት አያውቅም። አቀበቱን ግማሹን በመንዳት ግማሹን በመግፋት፣ ከሠላሳ ሁለት ኪሎ ገብስ ጋር እያዘገምኩ ወጣሁት። ጉሙ መሀል አንድ ሚኒባስ ደረሰብኝና ቆመ። ጣሪያው ላይ የእድሩ ድስት ተጭኗል። እትዬ በላይነሽ በመስኮት ብቅ አለች።

«ነይ ግቢ። ብስክሌቱን ከድስቱ ጋር እናስረዋለን። ልንደርስ ስንል እናወርድሻለን፤ ማንም አይናገርም።»

«አንቺስ አትናገሪም?»

ትንሽ አሰበች። «እኔ እንኳ ሳልናገር አልቀርም» አለች። «ግን በዓመቱ ነው።»

«ሂዱ፤ እደርሳለሁ።»

ከአምስት ሰዓት በፊት አስፋልቱ ላይ ካለው መታጠፊያ ደረስኩ። ከዚያ ወደ ታች የድንጋዩ መንገድ ነው። ከሥር፣ በጽዱ መሀል፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ይታያል፤ ከግቢው በር ላይ ነጭ የለበሱ ሰዎች ቆመዋል። ኮርቻው ላይ ወጥቼ ለቀቅሁት።

የመጀመሪያው ድንጋይ ላይ ገብሱ ወደ ግራ፣ እኔ ወደ ቀኝ ሄድን። ተነሣሁ። ሁለተኛው ድንጋይ ላይ ከረጢቱ ከኋላ ገፍቶ ቁጥቋጦ ውስጥ ከተተኝ። አሁንም ተነሣሁ። ሦስተኛው ላይ ስወድቅ ጉልበቴ ተላጠ፣ ገመዱም ተበጠሰ፤ ከረጢቱ ብቻውን ጥቂት ተንከባለለና ቆመ። ለካ ሰው ቁልቁለት ሲወርድ ክብደቱን ወደ ኋላ ያሸሻል፣ ጉልበቱን ያጥፋል፣ ወዲያና ወዲህ ይላል። ገብስ ገብስ ነው። ሰማንያ አራት ኪሎ ሞልቼ ነበር፤ ሠላሳ ሁለቱ ግን እሱ አልነበረም።

ገብሱን ከነቦርሳው ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ብቻዬን ወጣሁ። ብስክሌቱ ወዲያው ተራገጠና በመሪው ላይ አሳልፎ ጣለኝ።

መንገድ ዳር ተቀመጥኩ። ገፍቼው ብወርድስ? ከበሩ ሊደርስ ሲል ብወጣበት ማን ያውቃል? ግርማ አያውቅም። እኔ ግን በየእሑዱ ዘይት ስቀባው ዓይን ለዓይን ልንተያይ ነው። አቀበቱ ላይ ገፍቼዋለሁ፤ በሱ እመጣለሁ ያልኩት ግን እየነዳሁት እደርሳለሁ ማለቴ ነበር። እንግዲህ ነገሩ ጠርቶ መጣ፤ አየሩን ካስቀረሁ ብስክሌቱ ለግርማ ይሄዳል፣ ብስክሌቱን ካስቀረሁ አየሩ ይሄዳል። ሁለቱንም ይዞ የቀረ ሰው የለም።

የሞላውን ክዳን ፈታሁ። በጥፍሬ ጫን አልኩት። ፊስስ አለ። ፊቴን አቀረብኩ። ምን እንደጠበቅሁ አላውቅም፤ ጎማና ዘይት ነው የሸተተኝ። የራሱ ትንፋሽ መስሎኝ ኖሮ ይሆናል፤ በመንፊያ የነፋው ግን የበረንዳ አየር ነው። ትንሽ ሳቅሁ። ከዚያ አለቀስኩ፤ ረጅም አይደለም፣ ሰው ይጠብቀኝ ነበር። ተነሥቼ ተቀመጥኩበት፤ አንድ ጣት። እንደገና ወርጄ አስተነፈስኩ። ቀስ ብዬ፣ እየቆጠርኩ። ተቀመጥኩበት፤ ሁለት ጣት።

ለቀቅሁት። ድንጋዩ መጣ፤ ብስክሌቱ ዝቅ አለና አለፈው። ሁለተኛውም መጣ፤ አለፈው። ወገቤን ወደ ኋላ አሸሸሁ፣ ጉልበቴን አጠፍኩ። ቀሚሴ ነፋስ ሞልቶት እንደ ጥቁር ድንኳን ተነፋ። ቁልቁለት ይወዳል ያለው እውነቱን ነው፤ ክርክሩን ተሸነፍኩ። በሩ ጋ ስደርስ ፍሬን መያዝ እንዳለብኝ ትንሽ ዘግይቼ አስታወስኩ፤ ሁለት ዲያቆናት ዞር አሉልኝ።

ግርማ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ጉልበቴን አየ፣ ፀጉሬ ውስጥ ያለውን ቅጠል አየ፣ ብስክሌቱን አየ።

«መጣሽ» አለ።

«መጣሁ።»

«በሱ?»

«ምን ላይ ሆኜ ነው የምታየኝ?»

ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። «እስቲ አንዴ ልቀመጥበት» አለ። ወርጄ ሰጠሁት። ሲቀመጥበት ሞላው እስከ ታች ድረስ ወርዶ ቋ አለና እዚያው ቀረ። ሊረግጥ ሞከረ፤ ፔዳሉ ድንጋይ ነካ።

«ምን አድርገሽው ነው እትዬ? ወንድሜ ሳለ እንዲህ አልነበረም።»

«እሱ የነፋውን አየር አስተነፈስኩት።»

ግርማ መሪውን እንደያዘ መሬት መሬት አየ። 

«ታዲያ አሁን ለማን ነው የሚሆነው?» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ለኔ» አልኩት። «ውረድ፤ ሞላውን ትጎዳብኛለህ።»